የጠጁና የብርዙ ጋን

ሁለት ሰዎች ተጣልተው «የበለጠ የተበደልኩት እኔ ነኝ» ሲባባሉ ሽማግሌ ጣል የሚያደርጋት ምሳሌ አለች። የተወለደችው ሰርግ ዳስ ውስጥ፣ በሁለት ጋኖች መካከል ነው።

የሙሽራው እናት ወይዘሮ አትጠገብ የጣሉትን ጠጅ አስጭነው ከሙሽራዋ ቤት ደረሱ። የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ውዴም የሚያሰክር ለማይጠጡ ዘመዶቻቸው ብርዝ በጥብጠዋል። ጋኖቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሁለቱም እስከ አንገታቸው የሞሉ ነበሩ።

ወይዘሮ አትጠገብ አንድ ቅል ጠጅ ቀድተው ብድግ ሲሉ «ማዕዱ ገና አልተባረከም» ተባሉ። ሊመልሱት ዞሩና ብርዙ ውስጥ ገለበጡት።

«ምን አደረጉ እትዬ!» ወይዘሮ ውዴ ጮኹ። «ወንድሜን የነፍስ አባቱ ጠጅ እንዳይቀምስ ገዝተውታል እኮ!»

«ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«እንግዲያው ጠጅዎን ይውሰዱ!» ቅሉን ነጠቁና ከብርዙ ጋን ሞልተው ቀድተው ጠጁ ላይ ደፉት።

ከዚያ ወዲያ «እርስዎ» መባባል ቀረ።

«ጠጄን አለዘዝሽው!»

«ቅል ሰጠሽኝ፣ ቅል መለስኩ። ምን ጎደለብሽ?»

«እኔ የሰጠሁሽ ንጹሕ ጠጅ፣ አንቺ የመለስሽው ቅልቅል! ጠጄ አሁንም እዚያው አንቺ ጋ ቀርቷል!»

«ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ካልጠየቅሽኝ ልጄ ከዚህ ዳስ ንቅንቅ አትልም!»

ሙሽራዋን የምትወስደው በቅሎ ተጭና ቆማለች። ሙሽራው አንዴ እናቱን፣ አንዴ አማቱን ያያል። ወይዘሮ አትጠገብ ለልጃቸው ሲሉ ወፍጮም በተሸከሙ ነበር፤ ግን የባሰ የበደለች ሴት አንገቷን ቀና አድርጋ እያየቻቸው? አይሆንም።

ጋብቻውን ያዋዋሉት አባ ድልነሳ ተነስተው ሁለቱንም ጋን አጎንብሰው አዩ።

«አትጠገብ ልጄ፣ ጠጅሽ ከአንገቱ ዝቅ ብሏል?»

«አላለም።»

«ውዴ፣ ብርዝሽስ ከፍ ብሏል?»

«ኧረ እንደ ነበረ ነው።»

«አትጠገብ፣ ጠጅሽ ውስጥ የገባው ብርዝ የያዘው ቦታ የማን ነበር?»

«የጠጄ ነዋ!»

«ቦታውን የለቀቀው ጠጅስ የት ገባ? አልፈሰሰ፤ እኛም አፋችን ደርቆ ነው የቆየነው።»

ወይዘሮ አትጠገብ ወደ ብርዙ ጋን አዩ። «እዚያ» አሉ፣ ድምፃቸው አንሶ።

«እንግዲያው እዚህ የገባው ብርዝና እዚያ የቀረው ጠጅ ልክ ለልክ ነው። በደላችሁም እንደዚያው።»

«ታዲያ ድንጋዩን ማን ይሸከም?» አሉ ወይዘሮ ውዴ።

«ሁለት አምጡ!»

ሁለቱ እናቶች እኩያ ድንጋይ ተሸክመው አንድ ላይ ሲጎነበሱ ግንባር ለግንባር ተላተሙ፤ ሙሽራው ለመሳቅ አልደፈረም፤ አባ ድልነሳ ግን እየሳቁ እንዲህ አሉ፦ «ጋን እንደ ነበር ከሞላ፣ የአንዱ ጉድለት ከሌላ።»