የኢድሪስ ደወል

ተረት ተረት፤ ጨው የቀመሰ ተረት።

እማማ ሐዋ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ልጃቸው ሑመድ ለምሳ እንዲመጣ። ሑመድ ዓሣ ሊያጠምድ በማለዳ ወጥቶ ነበር። አሁን የታንኳው ሞተር ጠፍቶበት ማዕበሉ ወደ ድንጋዩ ይገፋዋል፤ ከዳርቻው ይታያል።

ወደ ባሕር ጠባቂዎቹ ጀልባ ሄዱ። «አንቺ ጀልባ፣ ልጄን አምጪልኝ፤ ልጄ ለምሳ አልመጣም።»

«ገመዱ ይዞኝ እንዴት ልሂድ?» አለች ጀልባ።

ወደ ገመዱ ሄዱ። «አንተ ገመድ፣ ጀልባን ልቀቃት። ጀልባ ልጄን አታመጣም፤ ልጄ ለምሳ አልመጣም።»

«ነጂው ሳይፈታኝ እኔ ማንን እለቃለሁ?» አለ ገመድ።

ወደ ነጂው ሄዱ። «አንተ ነጂ፣ ገመድን ፍታው። ገመድ ጀልባን አይለቅም፤ ጀልባ ልጄን አታመጣም፤ ልጄ ለምሳ አልመጣም።»

«እማማ፣ የወደቡ መውጫ ጠባብ ነው። ደወል ካልሰሙ ታንኳዎቹ መንገድ አይለቁም» አለ ነጂው።

«ይህን ሁሉ ቁመት ይዘህ ብረት እስኪያዝህ ትጠብቃለህ?» አሉት።

ወደ ደወሉ ሄዱ። «አንተ ደወል፣ ጩህ። ነጂ ገመድን አይፈታም፤ ገመድ ጀልባን አይለቅም፤ ጀልባ ልጄን አታመጣም፤ ልጄ ለምሳ አልመጣም።»

«ኢድሪስ ሳይመታኝ በምን አፌ?» አለ ደወል።

ደዋዩ ኢድሪስ ከደወሉ ሥር ተቀምጧል። ባለፈው ወር ትንሽ ልጁ ሰጥማበታለች፤ ወደ ሥራው የተመለሰው ዛሬ ነው። መዶሻው ጭኑ ላይ ነው፤ እጁ ግን አልነሳ አለው።

«ኢድሪስ ልጄ፣ ደወልን ምታው። ደወል አይጮኽም፤ ነጂ ገመድን አይፈታም፤ ገመድ ጀልባን አይለቅም፤ ጀልባ ልጄን አታመጣም፤ ልጄ ለምሳ አልመጣም።»

«ለእኔዋም ደውዬ ነበር፣ እማማ። ጀልባዋ ሄደች፤ አልደረሰችም።»

እማማ ሐዋ አጠገቡ ተቀመጡ። «አውቃለሁ። የከፈንኳት እኔ ነኝ። ለእሷ አልደረስንም። የእኔው ግን ገና እጁን ያወዛውዛል፤ እየው።»

ኢድሪስ አየ። ተነሳ።

ኢድሪስ ደወልን መታ፤ ደወል ጮኸ፤ ታንኳዎች መንገድ ለቀቁ፤ ነጂ ገመድን ፈታ፤ ገመድ ጀልባን ለቀቀ፤ ጀልባም ማዕበሉን ሰንጥቃ ሑመድን ከድንጋዩ አፍ ነጥቃ አመጣች።

በዚያ ዳርቻ ሰው በሰላም ሲመለስ፣ ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ጊዜ ይደወላል። ኢድሪስ አንድ ጊዜ ደወለ። ቆየት ብሎ ደገመ።

«ሁለት ሰው ነበር እንዴ?» አለ ነጂው።

«አንተ ገመድህን እሰር» አሉት እማማ ሐዋ። ወደ ኢድሪስ ዞሩ። «ምሳ ቀርቧል፤ ና።»

ሑመድ በላ፤ ኢድሪስም አብሮት በላ። ተረቴ ወደቧ ገባች፤ ገመዷን እናንተ እሰሩላት።