ዱባ የሞላው የአያ ጅቦ ዋሻ

አንድ ጊዜ ዝሆን አንበሳ ቤት በእንግድነት ሊመጣ ሆነ። ዝሆን ሥጋ የማይቀምስ እንግዳ ነውና አንበሳን ጨነቀው። ከወንዙ ማዶ ዐይን አይቶ የማይጨርሰው የዱባ ማሳ ነበር። «ከዚያ ማሳ ከሁሉ የከበደውን ዱባ ፀሐይ ሳትጠልቅ ላመጣልኝ የጠየቀውን እሰጣለሁ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «እኔ አህያን ነው የምጠይቀው!» አለ።

አህያ ክው አለች። «እንግዲያውስ እኔም እወዳደራለሁ፤ ካሸነፍኩ የምጠይቀው ራሴን ነው።»

«ይሁን» አለ አንበሳ። እሱን የቸገረው ዱባው ነው፤ የአህያ ነገር መች አስጨነቀው!

አያ ጅቦ «ሁሉንም ዋሻዬ ውስጥ ሰብስቤ፣ ጎን ለጎን ደርድሬ ትልቁን እመርጣለሁ» ብሎ ከማሳው ዳር ጀመረ። ዳር ዳሩን ያሉት ጭንጫ ላይ የበቀሉ ትንንሾች ቢሆኑም አንዱንም አልተወም፤ እያንከባለለ ወደ ዋሻው አጋዘ። አያ ጅቦ ከያዘ መልቀቅ የት ያውቅና!

አህያ ደግሞ ማሳው አጠገብ ቆማ ስታለቅስ ቀበሮ አገኘቻት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ይኼን ሁሉ ዱባ የት ላድርገው? ዋሻ የለኝ፣ ጎተራ የለኝ! ያለኝ ጀርባዬ ላይ ግራና ቀኝ የተንጠለጠለው ኬሻ ብቻ ነው።»

«እሱ መች አነሰ! ግን በነፃ አልመክርሽም። ከእንግዲህ ዶሮ ልሰርቅ ስመጣ አታናፊብኝም።»

«ኧረ ትንፍሽ አልልም!»

«በግራው ኬሻ አንድ፣ በቀኙ አንድ ዱባ እጭንሻለሁ። ጭነቱ ወዳዘነበለበት ያለው ይቆይ። የቀለለውን አራግፈን በቦታው ሌላ እንሞክራለን።»

«የተራገፈውስ?»

«ተበልጧል እኮ! ምን ያደርግልሻል?»

እንዲህ እየጫኑና እያራገፉ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አዳረሱት። አህያ በአንድ ጊዜ ከሁለት ዱባ በላይ አልተሸከመችም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አህያ የመጨረሻውን አሸናፊ ይዛ ከቀበሮ ጋር አንበሳ ቤት ደረሰች። እንግዳው ዝሆን ቀድሞ ደርሶ ነበርና በኩምቢው ሊያነሳው ሞክሮ አቃሰተ። «ኧረ ይኼስ ከእኔም ይከብዳል!»

«አያ ጅቦስ የት ቀረ?» አለ አንበሳ። ተያይዘው ወደ ዋሻው ሄዱ። ዋሻው እስከ አፉ ዱባ ሞልቶታል፤ ጅቡ የለም።

«አያ ጅቦ!»

«አቤት ጌታዬ!» አለ ድምፅ ከዱባው ኋላ። «ገና እየደረደርኩ ነው! መቆሚያ አጥቼ ነው እንጂ ትልቁ እዚሁ አለ!»

«አውጥተህ አሳየና!»

«ክምሩ ተንዶ መውጫውን ዘጋብኝ!»

አንበሳ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አህያ ከዛሬ ጀምሮ የራሷ ናት!»

«እኔስ በምን ልውጣ?» ሲል ጮኸ አያ ጅቦ።

«እየበላህ ነዋ!» አለች ቀበሮ።

ከአጥንት በቀር የማያውቀው አያ ጅቦ ዱባውን ከነፍሬው እየዋጠ ወጣ። ሆዱ ተነፍቶ ዋሻው ደጃፍ ላይ ተዘረረ። አህያ በአጠገቡ ስታልፍ አንድ ዐይኑን ገልጦ አየት አደረጋትና መልሶ ጨፈነው።

ከዚህ የምንማረው ከብዙ ነገር መካከል የሚበልጠውን የሚያገኘው ሁሉን ካላጋበስኩ የሚል ሳይሆን፣ እስካሁን የበለጠውን ይዞ የተበለጠውን መልቀቅ የሚችል መሆኑን ነው።