ትንሽ ነፋስ ለትርሲት ጎማ

ተረት ተረት ስላችሁ «የብስክሌት በረት» በሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። አንዲት አህያ አለች፤ ከሁሉም የተሻለ አእምሮ ያላትም እሷ ናት። እሷ እስክትመጣ ድረስ ከሰዎቹ ጋር መታገሥ ነው።

አራት ጓደኛሞች ነበሩ፤ እግዜር ጓደኛ አያሳጣችሁ፣ እንዲህ ያለውን ግን በልኩ ያድርግላችሁ። ከአዲስ አበባ ዝዋይ ድረስ በብስክሌት እንሂድ ተባባሉ። ሐሳቡ የትርሲት ነው። ሌሎቹ የተስማሙት ሐሳቡ ሲነሣ በልተው ጠግበው ስለነበር ነው። ዕቃ ሲከፋፈሉ ደምሰው ቀላሉን መርጦ የጎማ መንፊያውን ያዘ፤ አንድ መንፊያ ለሁላችንም ይበቃል ያለውም እሱ ነው። ሄርሜላ ስንቁን ያዘች፤ ቦርሳው ላይም ቁልፍ አደረገችበት፣ ጓደኞቿን ታውቃቸዋለቻ! ናሆም ለነፍስ የሚያስፈልገውን ስፒከር ያዘ። ትርሲት የቀረውን ሁሉ ያዘች።

በመጀመሪያው ቀን ሞጆ አደሩ። በማግሥቱ መቂን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ የትርሲት የኋላ ጎማ ፊስስ አለና ተኛ። ከጎማው ውስጥ ያለው ላስቲክ፣ ከመነዳሪው፣ ቫልቩ ከሥሩ ተገንጥሏል። ትርሲት አላለቀሰችም። ብስክሌቷን ገለበጠች፣ ጎማውን ፈታች፣ የተበላሸውን ከመነዳሪ መዝዛ አንገቷ ላይ ጣል አደረገች፣ መለዋወጫውን አስገብታ ገጠመች። የቀራት ትንሽ ነፋስ ብቻ ነው። ነፋስ ደግሞ ሞልቷል! ከጠዋት ጀምሮ ከዝዋይ በኩል እየመጣ ፊታቸውን ሲጠፈጥፍ፣ ወደኋላ ሲገፋቸው፣ የናሆምን ኮፍያ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ሲወረውር የዋለ ነፋስ ነው። እስቲ ትንሽ ወደ ጎማው ግባ ሲሉት ግን ሥራ አለኝ ይላል።

ነገሩ ቀልድ በሆነ፤ ግን ዝዋይ አባቷ ይጠብቋታል። አቶ ወልደየስ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ብስክሌት ያስተማሩ ናቸው፤ ዛሬ ጉልበታቸው ፔዳል አያዞርም። ልጄ ከአዲስ አበባ በፔዳል ልትመጣ ነው ብለው ያላወሩለት ሰው የለም። ጎረቤታቸው አቶ ሽብሩ ደግሞ «አይሱዙ ላይ ተጭና ካልመጣች ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!» ብለዋል። ስለዚህ አቶ ወልደየስ ወንበር አውጥተው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ አቶ ሽብሩም የራሳቸውን ወንበር አምጥተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ስልክ ተደወለ።

«የት ደረስሽ ልጄ?»

«ደረስኩ አባዬ፣ መጣሁ!» አለች ትርሲት፣ ብስክሌቷ ተገልብጣ ሰማይ ሰማይ እያየች። ስልኩን ዘጋች። አባቷን በዚያ ሰውዬ ፊት ከምታሳፍር ብስክሌቷን ተሸክማ ብትገባ ይሻላታል።

«ደምሰው፣ ንፋልኝ» አለችው።

ደምሰው ዛፍ ሥር ጋደም ብሏል። መንፊያው ደረቱ ላይ ነው። «በባዶ ሆዴ?» አለ። «መንፋት እኮ ከሆድ ነው የሚመጣው። ዳቦ ልቅመስና እነፋለሁ።»

«እሺ መንፊያውን ስጠኝ፣ እኔ ልንፋ።»

«አትንኪ! ይሄ የውጭ ዕቃ ነው፣ እጄን ለምዷል። ደግሞ ምን አስቸኮለሽ? ቲማቲም የሚጭን አይሱዙ ያለው ዘመዴ ጋ ደውያለሁ፤ ጭኖ ሲመለስ ያነሣናል።» ለጓደኛው አሳቢ ነው ደምሰው። እናላችሁ ደምሰው ካልበላ አይነፋም፣ ጎማው ካልተነፋ አይዞርም፣ ትርሲትም አባቷ ደጅ አትደርስም።

ትርሲት ወደ ሄርሜላ ሄደች። ሄርሜላ ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ፣ የስንቁን ቦርሳ አቅፋ ተቀምጣለች። ኩርፊያዋ ከሞጆ ጀምሮ ነው። ጠዋት የብስክሌቷ ካቴና ወልቆ፣ እጇ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ስታስተካክል እጮኛዋ ደወለ። ናሆም፣ አመስግኑትና፣ ስልኩን አነሣላት። «ሄርሜላ አሁን አታናግርህም፤ እጇ ካቴና ውስጥ ነው። ስትፈታ ትደውላለች» ብሎ ዘጋ። ናሆም የብስክሌቱን ካቴና ማለቱ ነው። እጮኛዋ የፖሊሱን ሰማ። እጮኛዋ ለእናቱ ነገረ፣ እናቱ ለእናቷ ነገሩ፣ እናቷ ለንስሐ አባታቸው ነገሩ። ሄርሜላ እጇን ታጥባ ስትደውል ዋስ ተገኝቶላት፣ ጠበቃ ሊያዝላት በምክክር ላይ ነበሩ።

«ሄርሜላዬ፣ ለደምሰው ትንሽ ዳቦ» አለች ትርሲት።

«ናሆም ይቅርታ ካላለኝ ይሄ ቦርሳ አይከፈትም! አማቴ እኮ ድሮም ጠርጥሬ ነበር ብለዋል!»

ናሆም ይቅርታ ካላለ ሄርሜላ አትከፍትም፣ ሄርሜላ ካልከፈተች ደምሰው አይበላም፣ ደምሰው ካልበላ አይነፋም፣ ጎማው ካልተነፋ አይዞርም፣ ትርሲትም አባቷ ደጅ አትደርስም።

ናሆምን ስፒከሩን ጸሐይ ላይ ቻርጅ ሲያደርግ አገኘችው። «ናሆምዬ፣ ይቅርታ በላትና እንገላገል።»

«እኔ ምን ገዶኝ! አሁኑኑ እላለሁ» አለ ናሆም። «ግን ሽማግሌ የታለ? ያለ ሽማግሌ ይቅርታ ካልኩ እኮ አጥፍቻለሁ ማለት ነው። ሽማግሌ ካለ ግን፣ ለሽማግሌው ክብር ስል ነው።» አያችሁ፣ ልጁ ባህል ያውቃል። ስልክ ማንሣት ብቻ ነው የማያውቀው። ስለዚህ ሽማግሌ ካልመጣ ናሆም ይቅርታ አይልም፣ ናሆም ይቅርታ ካላለ ሄርሜላ አትከፍትም፣ ሄርሜላ ካልከፈተች ደምሰው አይበላም፣ ደምሰው ካልበላ አይነፋም፣ ጎማው ካልተነፋ አይዞርም፣ ትርሲትም አባቷ ደጅ አትደርስም።

ትርሲት ሽማግሌ ፍለጋ ማሳው ዳር ዳሩን ወረደች። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ጋሪ ቆሟል፤ ጋሪው ፊት አንዲት አህያ ተኝታለች፤ አህያዋ ፊት አንድ ነጭ ጢም ያላቸው አባት ቆመው ይለምኗታል። ጋሽ ቡልቶ ይባላሉ።

«ጋሼ፣ ጓደኞቼ ተጣልተውብኝ... እባክዎ አንድ ጊዜ ያስታርቁልኝ።»

ጋሽ ቡልቶ ቀና ብለው አዩዋት፤ ጥብቅ ያለ ልብሷን፣ እንደ ቅል ራሷ ላይ የደፋችውን የብስክሌት ቆብ፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር ነገር። «እኔና ይቺ ሳንታረቅ የከተማ ልጅ ላስታርቅ?» አሉ። «ትነሣና እመጣለሁ። እንደምታዪያት፣ ውኃ ካልጠጣች አትነሣም።»

በዚህ ሁሉ ሰው መካከል የፈለገችውን በግልጽ የምታውቅ አህያዋ ብቻ ነበረች፤ ውኃ ፈለገች፣ ተኛች፣ አለቀ። አህያዋ ካልጠጣች አትነሣም፣ አህያዋ ካልተነሣች ጋሽ ቡልቶ አያስታርቁም፣ ጋሽ ቡልቶ ካላስታረቁ ናሆም ይቅርታ አይልም፣ ናሆም ይቅርታ ካላለ ሄርሜላ አትከፍትም፣ ሄርሜላ ካልከፈተች ደምሰው አይበላም፣ ደምሰው ካልበላ አይነፋም፣ ጎማው ካልተነፋ አይዞርም፣ ትርሲትም አባቷ ደጅ አትደርስም።

የትርሲት ኮዳ ከደረቀ ቆይቷል። ከጋሪው አጠገብ ያለው ቦይም ደርቋል። ቦዩን ይዛ ስትወጣ የውኃ ሞተር አጠገብ ወገባቸውን ይዘው የቆሙ ሴት አገኘች። እትዬ ሎሚ የማሳው ባለቤት ናቸው፤ ፊታቸው እንደ ማሳው ነው፣ ውኃ አጥቶ የዋለ።

«እትዬ፣ ለአህያ የሚሆን ውኃ አይሰጡኝም?»

«ውኃ? ውኃማ እኔስ መቼ አገኘሁ! ቲማቲሜ ዛሬ ካልጠጣ ነገ ለቅሶ ነው የምቀመጠው» አሉ እትዬ ሎሚ። «ሞተሩ ደኅና ነበር፣ ቱቦው ተቀደደ። በገመድ አሰርኩት ያፈሳል፣ በፌስታል ጠመጠምኩት ያፈሳል፣ በመቀነቴ አሰርኩት፣ መቀነቴ ራሰ።»

ያኔ ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ልጄ፣ አቶ ሽብሩ ሻይ እንጠጣ እያሉኝ ነው፤ እምቢ ብያለሁ። ስትመጪ በር ላይ መሆን አለብኝ» አሉ አባቷ። ከኋላቸው የአቶ ሽብሩ ሳቅ ይሰማል። ትርሲት ስልኩን ዘግታ ቦዩ ዳር ቁጭ አለች፤ አሁን አለቀሰች። እያለቀሰችም እንደ ዳዊት ደገመችው፦ ቱቦው ካልታሰረ ውኃው አይመጣም፣ ውኃው ካልመጣ አህያዋ አትነሣም፣ አህያዋ ካልተነሣች ጋሽ ቡልቶ አያስታርቁም፣ ጋሽ ቡልቶ ካላስታረቁ ናሆም ይቅርታ አይልም፣ ናሆም ይቅርታ ካላለ ሄርሜላ አትከፍትም፣ ሄርሜላ ካልከፈተች ደምሰው አይበላም፣ ደምሰው ካልበላ አይነፋም፣ ጎማው ካልተነፋ አይዞርም፣ እኔም አባቴ ደጅ አልደርስም!

እትዬ ሎሚ ግማሹን እንኳ አልሰሙም። አንገቷን ነው የሚያዩት። «አንቺ ልጅ፣ አፍንጫሽን የምትጠርጊው በምንድን ነው?»

ትርሲት ዝቅ ብላ አየች። ከመነዳሪው ነው። ያ ቫልቩ ተገንጥሎ የማይረባ የሆነው፣ ከዛፉ እስከ ጋሪው፣ ከጋሪው እስከ ሞተሩ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ያዞረችው ከመነዳሪ። የሰው ልጅ መፍትሔውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አገር ሲያስስ እንዲህ ነው የሚያምርበት።

እትዬ ሎሚ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ከመነዳሪውን በማጭድ ተለተሉት። ከመነዳሪው ቱቦውን አሰረ፣ ቱቦው ውኃውን አመጣ፣ ውኃው ቦዩን ሞላ፣ አህያዋ ጠጣች፣ ጠጥታም ምስጋና ሳታበዛ ተነሣች። አህያዋ ስትነሣ ጋሽ ቡልቶ ጋሪያቸውን ይዘው ሊያስታርቁ መጡ። ሁለቱንም ሰሙ፣ ካቴናው ላይ ሲደርሱ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ፣ ከዚያ ኮስተር አሉ።

«አንተ፣ ይቅርታ በላት። ለእጮኛዋም ደውልና ብስክሌት ነው በለው። አንቺም ማሪው፤ ከዚህ በኋላ ስልክሽን አይንካ።»

ናሆም ለሽማግሌው ክብር ሲል ይቅርታ አለ። ሄርሜላ ለሽማግሌው ክብር ስትል ማረችው፤ ቦርሳውንም ከፈተች። ደምሰውም ለማንም ክብር ሳይል በላ።

በላ ብቻ! አንዱን ዳቦ ጨርሶ ሁለተኛውን ያዘ። ትርሲት ጎማዋን ይዛ ቆማለች። «እየበላሁ ነው እኮ» ይላል በአንዱ ጉንጩ። ይኼኔ ከመቂ በኩል አቧራ ተነሣ፤ ቲማቲም የጫነው አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ መጣ። እሱ እንኳ ይነፋል!

ትርሲት አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ መንፊያውን ከደምሰው ጭን ላይ አነሣችው። ደምሰው ዐይኑ ፈጠጠ፤ «አትንኪ!» ሊል ነበር፣ ግን አፉ ሙሉ ነው፣ ሄርሜላ ደግሞ ሌላ ቁራሽ ጨመረችለት። ትርሲት ነፋች። መንፊያው የማንንም እጅ አልለመደም፤ እንደ ማንኛውም መንፊያ ይነፋል። ጎማው ጠነከረ፣ ብስክሌቷ ተመልሳ ቆመች፣ ትርሲት ወጣችባት። አይሱዙው ቆሞ ደምሰውንና ብስክሌቱን ከቲማቲሙ ጋር ጫነ። ሦስቱ ከነፋሱ ጋር እየተሟገቱ በፔዳል ሄዱ።

አይሱዙው መንገድ ላይ ቲማቲም ሲያራግፍ ቆይቶም ቀድሞ ደረሰ። የአቶ ወልደየስ በር ላይ ቆሞ ብስክሌት ሲያወርድ አቶ ሽብሩ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው «አላልኳችሁም?» ብለው ለሰፈሩ ጮኹ። አቶ ወልደየስ አንገታቸውን ደፉ። የወረደው ግን ደምሰው ነው፤ አፉን ይጠርጋል። ሰዉ ገና ደምሰውን እያየ ሳለ ከመንገዱ ማዶ የብስክሌት ቃጭል ተሰማ። አባቷ ቃጭሉን ከሰው ሁሉ በፊት አወቁት፤ እሳቸው ራሳቸው የገጠሙት ነው።

አቶ ወልደየስ ልጃቸውን ከመሳማቸው በፊት ጎንበስ ብለው የኋላ ጎማዋን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። «ጥሩ ተነፍቷል» አሉ። «ማን ነፋልሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

አቶ ወልደየስ አቅፈዋት ቆሙ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ አቶ ሽብሩን ከብቦ «እስቲ ምላስዎን ያውጡ፣ ፀጉሩን ልንነቅል ነው» ይላቸዋል።

«መንገዱስ እንዴት ነበር?» አሉ አባቷ ሲለቋት።

ትርሲት ወደ ናሆም አየች፣ ወደ ሄርሜላ አየች፣ ሌላ ዳቦ ወደያዘው ወደ ደምሰው አየች። «ደኅና ነበር፣ አባዬ» አለች። «ትንሽ ነፋስ ብቻ አስቸገረን።»

ተረቴን መልሱልኝ፤ መንፊያውን ግን ለደምሰው እንዳትመልሱለት።