ቤት የተሸከሙ ትከሻዎች

አንድ መንደር ነበረ፤ ሰዎቹ ቤታቸውን የሚሠሩት ቀርከሃ እንደ ቅርጫት እየሸመኑ ነው። ቦታ መቀየር ሲፈልጉ ቤቱን አያፈርሱትም። ግማሾቹ ከውስጥ፣ ግማሾቹ ከውጭ ሆነው እንዳለ ያነሱትና ተሸክመውት ይሄዳሉ።

አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ባሏ የሞተባት የአንዲት እናት ቤት የቆመበት ተዳፋት መሰንጠቅ ጀመረ። ከአራት ልጆቿ ጋር ያላት ያ ቤት ብቻ ነው። መንደርተኛው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ማን ይምራን ተብሎ ክርክር እንኳ አልተነሳም። በመንደሩ ዳንታ የሚባል መለሎ ሰው አለ፤ ድምፁም ከወንዝ ማዶ ይሰማል። እንዲህ ያለ ሰው እያለ ሌላ መሪ ማን ይፈልጋል?

ዳንታ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ "በርቱ! ወንድ አይደላችሁም እንዴ? ፍጠኑ!" እያለ አምባረቀ። ቤቱ ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ አዘመመ። እንደገና አነሱት፤ እንደገና አዘመመ፤ ግድግዳው ተንጣጣ። ስንጥቁ ደግሞ እየሰፋ ነው።

"በቃ ተዉት! እናንተ እንኳ ትረፉልኝ" ብላ እናትየዋ አለቀሰች።

ከውስጥ ከሚሸከሙት አንዱ ሶርሳ ነበር። ሶርሳ አጭር ነው፤ ሲናገርም ይንተባተባል፤ በስብሰባ ላይ ሐሳቡን የጠየቀው ሰው የለም። ነገር ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ የባልንጀሮቹን ትንፋሽ ሲያዳምጥ ቆይቷል፤ ቤቱ ለምን እንደሚያዘም ገብቶታል። ለቅሶውን ሲሰማ አንጀቱ አልቻለም። ወጣ።

"ማ... ማነው የደከመው?" አለ።

በሰው ፊት ደከመኝ የሚል ማን ነው?

"እ... እኔ ደክሞኛል።"

ዳንታ ከት ብሎ ሳቀ። "ደክሞኛል የሚል መሪ! አለቀልን በሉኛ!"

ሳቁ ሳያበቃ ግን ከተሸካሚዎቹ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ሌላው ተከተለ። ዘጠኝ ሆኑ። ሶርሳ ዘጠኙን ሸክሙ ወደሚቀልበት ወደ ተዳፋቱ የላይኛው ወገን አዛወራቸው።

"አባባ፣ እርምጃውን እርስዎ ይቁጠሩልን። እርስዎ ሲ... ሲቆሙ ሁላችንም እንቆማለን" አላቸው። ቀጥሎ ወደ ቋጥኙ ዞረ። "ዳንታ፣ ከታች በኩል ያንተ ትከሻ ያስፈልገናል።"

ዳንታ ትንሽ አንገራገረ፤ ከዚያ ወረደ።

ቤቱ ተነሳ። ሽማግሌው ሲቆሙ እየቆሙ፣ ሲሄዱ እየሄዱ ደልዳላው ሜዳ ላይ አሳረፉት። ወዲያው ተዳፋቱ ከኋላቸው ተንዶ ገደል ገባ። መንደሩ በእልልታ ቀለጠ! ዳንታ ራሱ ሶርሳን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣው፤ እናትየዋም እያለቀሰች ጨፈረች።

ወዳጆቼ፣ እኛም መሪ ስንመርጥ የምናየው ቁመትና ድምፅ ነው። ድካሙን የሚደብቀውን ጀግና፣ "ማን ደከመ?" ብሎ የሚጠይቀውን ደካማ እንለዋለን። ተሳስተናል። ጥሩ መሪ የተሸካሚውን ትከሻ የሚያውቅ፣ ሰው እውነቱን ሳይፈራ የሚነግረው ነው። አንተስ፣ የምትመራቸው ሰዎች ፊትህ ቆመው "ደክሞናል" ብለውህ ያውቃሉ?