ጠፋ እንጂ አልለቀቀም

አንድ ልብስ ሰፊ በአንዲት ብርዳማ የደጋ ከተማ ይኖር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ላይ ምልክት ሲያደርግ የኖረው ታጥቦበት ባለቀ የሳሙና ስባሪ ነው። ሳሙና መስመር ያሰምራል እንጂ ፊደል አያስጽፍም። ስለዚህ ስለ ደንበኛው ገላ ያየውን ሁሉ በሆዱ ይዞ ይሰፋ ነበር።

አንድ ቀን ብርቄ የምትባል ሙሽራ ነጭ ሸማ ይዛ መጣች። ሸማውን አባቷ ከመሞቱ በፊት የሸመነው የመጨረሻ ሥራው ስለሆነ ሁለተኛ የለውም። የሠርጓ ቀሚስ እንዲሆንላት ፈለገች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ እንደሚል ነገረችውና ሰው እንዳያውቅባት አድርጎ እንዲሰፋው ለመነችው።

ሳሙና በነጭ ላይ አይታይም። ሰውየው ወደ ሱቅ ሄደ፤ ባለሱቋም ያላትን ሁሉ ዘረገፈችለት። ባለቀለሙ ጠመኔ በነጭ ላይ ጥላው ሊቀር ይችላል አለችው። ሰማያዊው እስክሪብቶ በውሃ ይለቃል፣ ካውያ ከቀደመው ግን እዚያው ይቀራል። ሐምራዊው በአየር ብቻ ይጠፋል፣ መቼ እንደሚጠፋ ግን እሱ ነው የሚያውቀው። ይሄኛው እስክሪብቶ ደግሞ ካውያ ሲያርፍበት ይጠፋል። አንዱ ካውያ ይፈራል፣ ሌላው ካውያ ይፈልጋል። ሰውየው ነገሩ ዞረበት። አንዱን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ መልሶ ያነሳል። በመጨረሻ ግራ መጋባቱ ሲሰለቸው በካውያ የሚጠፋውን ገዛ። ለምን እሱን እንደመረጠ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅም።

እስክሪብቶው እንደ ልብ ይጽፋል። ሰውየው በሸማው ውስጠኛ ገጽ መስመር አሰመረ፣ ቁጥር ጻፈ። ይጠፋል በሚል ድፍረት ደግሞ ትከሻው ጋ ለራሱ ማስታወሻ እንዲሆነው «የጎባጣዋ ትከሻ፣ ጥጥ ይሞላበት» ብሎ ጻፈ። ሰፍቶ ሲጨርስ ተኮሰው፤ አንድም ፊደል አልቀረም። ብርቄ ለብሳ ስትለካው ሁለቱ ትከሻዎቿ እኩል ሆኑ። ደስ ብሏት አለቀሰች።

የሠርጉ ዋዜማ ቀሚሱ የድግሱ ጭስ እንዳይነካው በረንዳ ላይ ተሰቅሎ አደረ። ወሩ ጥር ነውና ውርጭ ወረደ። ጠዋት ሚዜዎቿ ሊያለብሷት ቀሚሱን ሲገለብጡት ካውያ ያጠፋውን ብርዱ መልሶት መስመሩም ቁጥሩም ጽሑፉም ተመልሶ ነበር። አንዷ ሚዜ ምን እንደሆነ ሳይገባት ጮክ ብላ አነበበችው። ብርቄ ቀሚሱን አፍሳ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሮጠች።

«ጋሽ ምትኬ፣ እርስዎ ዘንድ ስሜ ይሄ ነው?» አለችው።

ሰውየው ቀሚሱን ተቀበላት። ለማጠብ ጊዜ ስላልነበረ ካውያውን አግሎ ደገመው፤ ጽሑፉም ጠፋ። ብርቄ ለበሰችው። ቀኑን ሙሉ ግን ነጠላዋን ከግራ ትከሻዋ ላይ አላነሳችም። የአባቷን የመጨረሻ ሥራ በወጉ ያየው ሰው የለም። ሰውየው ከእንግዶቹ መሀል ተቀምጦ ይህንን አየ።

በማግስቱ ተናዶ ወደ ባለሱቋ ሄደና ይጠፋል ብላ እንደሸጠችለት አስታወሳት።

«ይጠፋል አልኩዎት እንጂ መች ይለቃል አልኩ?» አለችው። «ሰውንስ ቢሆን ‹ምነው ጠፋህ› የምንለው ተመልሶ ሲመጣ አይደል?»

ሰውየው ከዚያም ወዲህ የቱ መሣሪያ እንደሚሻል አልለየለትም። ነጭ ጨርቅ በመጣ ቁጥር ግራ ይገባዋል፤ በቁራጭ ላይ ጽፎ ያጥባል፣ ይተኩሳል፣ ውርጭ ላይ ያሳድራል። ቃል ግን ዳግመኛ ጨርቅ ላይ አልጻፈም።

ወዳጆቼ፣ ሰው ላይም እንዲሁ ነው። ይረሳል፣ ያልፋል፣ ማን ይሰማዋል እያልን ስንቱን ቃል እንጽፍበታለን። ቃሉ ከዓይናችን ሲሰወር የለቀቀ ይመስለናል፤ የተጻፈበት ሰው ግን በውስጠኛው ገጽ ለብሶት ይሄዳል። እስኪ አስቡት፦ ይጠፋል ብላችሁ በማን ላይ ምን ጽፋችኋል? ውርጭ የወረደ ጠዋትስ ማን ያነበዋል?