የጃርት ቤትና የአይጥ መያዣ

ተረት ተረት። የላም በረቱን ለሌላ ቀን አቆዩትና ዛሬ የኪራይ ቤት ነገር ስሙኝ።

አይጥ የጃርትን ጉድጓድ ተከራይታ ትኖር ነበር። ስትገባ አንድ ጣሳ ማሽላ መያዣ ሰጥታዋለች። ክረምት ሲቃረብ ቤቱን ለቃ ከእህቷ ዘንድ ልትከርም ተነሣች። የልጆቿ ቀለብ ያው ማሽላ ብቻ ስለነበር መያዣዬን ይመልሱልኝ አለችው።

ጃርት ቆጥቋጣ ነው። ግድግዳውን እየዳበሰ፣ «ይቺ ጭረት የማን ናት? ደጃፉስ ለምን ጠበበ? ቤቴን እንደተቀበልሽው ካላስረከብሽኝ አንዲት ፍሬ አታገኚም» አላት።

አይጥ ጎረቤታቸውን ኤሊን ለሽምግልና ጠራች። ኤሊ ነገር አያጣድፍም። ጭንቅላቱን አስገብቶ ብዙ ካሰበ በኋላ አወጣና፣ «እውነቱን ነው፣ ልጄ። እንደተቀበልሽው አስረክቢው» አለ።

«እሺ፣ አባባ» አለችና ሥራ ጀመረች። በጭቃ የደፈነችውን የጣሪያ ቀዳዳ ከፈተች። ጎርፍ እንዳይገባ ደጃፉ ላይ የከመረችውን አፈር ጠርጋ አነሣች። ከዚያ ወደ ጫካው መንገድ ስትጀምር ካፊያ መጣና የመጀመሪያዋ ጠብታ በቀዳዳው ገብታ የጃርት አፍንጫ ላይ አረፈች።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አለ አፍንጫውን እየጠረገ።

«ስገባ ጥጉን ጉንዳን ወርሮት ነበር፣ ጋሼ። ያባረርኩት እኔ ነኝ። እሱንም ጠርቼ ልመልስልዎ ነው።»

ጃርት ማሽላውን ራሱ ተሸክሞ እስከ እህቷ ደጅ አደረሰላት።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትመልሱም እንደተቀበላችሁት።