ቢጫው ወፍ ዝም ያለበት ቀን

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሰው ልክ ይልቅ የወፍ ጠባይ በማወቁ የሚኮራ። ስሙ ነገዎ ይባላል። ቤቱና ሱቁ አንድ ነበሩ፤ ከፊት የስፌት መኪናው፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው። ባለቤቱ አስካለ ከጎኑ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትቀመቅማለች። በመስኮቱ አጠገብ ደግሞ ሦስት ወፎች ይኖሩ ነበር።

አንደኛው አረንጓዴ በቀቀን ነው። ደረቱን ነፍቶ ወዲያና ወዲህ ስለሚንጎራደድ «ሻለቃ» ብለውታል። ሻለቃ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም የተማረው ከጌታው ነው። ደንበኛ በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ፣ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ፣ «ነገ ይደርሳል» ይለዋል። ደንበኞቹ ይስቃሉ። «ጋሽ ነገዎ፣ ይሄኛው እንኳ ሲዋሽ ዓይኑን አያርገበግብም» ይሉታል።

ሌሎቹ ሁለቱ ቢጫ ወፎች ናቸው። ወንዱ ወርቁ፣ ሴቷ ብርቄ ትባላለች። በአንድ የሽቦ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይውላሉ። ብርቄ አንገቷን ስታዘነብል ወርቁ በአፉ የማጅራቷን ላባ ያበጥርላታል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። ይህ ለነገዎ ቅር ያሰኘዋል። «ቆንጆ ናቸው፤ ግን ከግድግዳ ሥዕል በምን ይለያሉ?» ይል ነበር።

አንድ ቀን ወፍ ሻጭ በዚያ ሲያልፍ ሁለቱን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጥንድ አድርገህ አስቀምጠህ ዘፈን ትጠብቃለህ? ለያቸው። ወንዱ ብቻውን ሲሆን ነው የሚዘፍነው። ወፍ ያሳደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል።»

«ሴቷንስ?»

«እሷ አትዘፍንም። ለፈለግኸው ስጣት።»

ነገዎ ብርቄን በትንሽ የሽቦ ቤት አድርጎ፣ ከመንገዱ ማዶ ላለው ፀጉር አስተካካይ ለጉደታ ሰጣት። አስካለ፣ «ምን አጥፍታ ነው?» አለችው።

«ምንም። ደግሞ ሩቅ አልሄደች። ካልተስማማት ነገ አመጣታለሁ።»

ወርቁ ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዘፈነ። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ጀመረ፤ ከዚያ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ጫፍ ላይ ተንቀጠቀጠ። መንገደኛው ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርቁ ከማለዳ እስከ ምሽት ይዘፍን ጀመር፤ ለአንድ ቁልፍ የመጣ ሰው እንኳ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሁሉም፣ «እንዴት ያለ ደስተኛ ወፍ ነው» ይላል። ነገዎም፣ «ጠባዩ ነው፤ ከድሮም ተጫዋች ነበር። እሷ ናት አፍና የያዘችው» እያለ ያስረዳል።

ብርቄም በጉደታ ቤት ስም ወጣላት። ቤቷ የተሰቀለው ከትልቁ መስታወት ፊት ነበር፤ እሷም ቀኑን ሙሉ በመስታወቱ በኩል ካለው ሽቦ ተለጥፋ ትውላለች። ጉደታ ነገዎን ባየው ቁጥር፣ «ጋሼ፣ ይቺ ወፍህ ኩሩ ናት። ከመስታወት አትነቀልም። ለሙሽርነት ከሚዘጋጁት ጎረምሶች ትብሳለች» ይለዋል። ይሳሳቃሉ።

በዚህ መካከል አዲስ ሆቴል ያሠራው አቶ ይልቃል ወደ ሱቁ መጣ። ቆሞ ወርቁን ብዙ ሰማ።

«የፊታችን እሁድ ሆቴሌን አስመርቃለሁ። ይህን ወፍ መግቢያው ላይ ልስቀለው። እንዲህ ከዘፈነልኝ የአስተናጋጆቼን ልብስ ሁሉ አንተ ትሰፋለህ። ለዘንድሮ ብቻ አይደለም፣ በየዓመቱ።»

ሰው የተዘጋጀ ልብስ ከገበያ መግዛት ከጀመረ ወዲህ የነገዎ ሥራ ቀዝቅዞ ነበር። አንዳንድ ሳምንት የሚሰፋው የተቀደደ ኪስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ካገኘ እስከ እርጅናው ሌላ አያሳስበውም። «እሺ፤ ቅዳሜ ይውሰዱት» አለ።

ሐሙስ ዕለት አስካለ የወርቁን ቤት ስትጠርግ የጥሬው ጽዋ እንደተሞላ አገኘችው። ከደረቱ ላይም ላባው ሳስቷል።

«ነገዎ፣ ይሄ ወፍ እየበላ አይደለም።»

«እየዘፈነ እኮ ነው። የታመመ ይዘፍናል?»

አስካለ ተመልሳ ተቀመጠች። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «እየዘፈነ አይደለም፤ እየተጣራ ነው።»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

እሷም ቀና አለች። «እኔን ስታገባኝ ትዝ ይልሃል? ከአገሬ የሁለት ቀን መንገድ አምጥተህ እዚህ ስታስቀምጠኝ? ውሃ ስቀዳ እዘፍን ነበር። ስፈትልም እዘፍን ነበር።»

«እንዴት እረሳዋለሁ? ‹ነገዎ ደስተኛ ሚስት አገባ› ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ቀናብኝ። እስከ ዛሬ ለሰው አወራዋለሁ።»

«አውቃለሁ፤ ስታወራ እሰማለሁ» አለች። «ደስ ብሎኝ አልነበረም። ዝም ስል ቤቱ ይከብደኝ ነበር።»

ነገዎ የስፌት መኪናውን እጀታ ለቀቀ። «ብርቄን ነገ አመጣታለሁ» አለ።

«ነገ ይደርሳል» አለ ሻለቃ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

አርብ ነገዎ አልሄደም። ብርቄ ከመጣች ወርቁ ዝም እንደሚል ያውቃል፤ ወርቁ ዝም ካለ ሥራው እንደሚቀር ያውቃል። «እሁድን ልለፋት ብቻ» አለ ለራሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ወርቁ የዘፈነው ከእንጨቱ ላይ ሆኖ አልነበረም። ከቤቱ ወለል ላይ፣ ክንፎቹን ጥሎ ነበር የሚዘፍነው። ድምፁ ግን ያው ነው። እንዲያውም ሱሪ ለማሳጠር የመጣ አንድ ሰው ዓይኑን ከድኖ ሲሰማ ቆየና፣ «ዛሬስ ከሁሉ ቀን በለጠ» አለ።

ነገዎን ያስደነገጠው ይህ ነገር ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወልቅ ተነሥቶ መንገዱን ተሻገረ።

ጉደታ የሰው ጢም እያስተካከለ ነበር። ነገዎ ብርቄን ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አይቷታል፤ ሁልጊዜ ግን ከበሩ ሆኖ ነው። ዛሬ ከጀርባዋ ቆሞ እሷ ወደምታየው አየ። መስታወቱ ውስጥ አንዲት ቢጫ ወፍ ነበረች። ብርቄ አንገቷን አዘንብላ ጠበቀች። የመስታወቷ ወፍም አንገቷን አዘንብላ ጠበቀች። ላባዋን የሚያበጥርላት የለም። ብርቄ ቀና አለች፤ እንደገና አዘነበለች፤ እንደገና ጠበቀች።

«ጉደታ፣ ይቺ ወፍ ኩሩ አይደለችም» አለ ነገዎ።

«ታዲያ ምንድን ናት?»

ነገዎ እጁን ዘረጋ። የሽቦ ቤቷን ከሚስማሩ አወረደው።

ሱቁ ሲደርስ ወርቁ ገና እየዘፈነ ነበር። ነገዎ የትንሹን የሽቦ ቤት በር ከትልቁ በር ጋር ገጥሞ ከፈተላቸው። ዘፈኑ መሐል ላይ ተቋረጠ። ወርቁ በሦስተኛው ሙከራ እንጨቱ ላይ ወጣ። ብርቄ ከጎኑ ቆማ አንገቷን አዘነበለች። እሱም ማበጠር ጀመረ። ቤቱ ጸጥ አለ። አስካለ ጥሬውን አቀረበችላቸው።

ከሰዓት በኋላ አቶ ይልቃል ወፉን ሊወስድ መጣ። ጥቂት ቆሞ ጠበቀ።

«ምነው ዝም አለ? ታመመ እንዴ?»

«አይ፣ ተሻለው» አለ ነገዎ።

«እና መቼ ነው የሚዘፍነው?»

«ነገ ይደርሳል» አለ ሻለቃ።

ነገዎ ፈገግ አለ። «እሱን አይስሙት፤ ከኔ ነው የለመደው። ነገም አይዘፍንም።»

«ሴቷን ለአንድ ቀን ብቻ ዞር ብታደርጋትስ? የአንድ እሁድ ነገር ነው እኮ።»

ነገዎ ወደ አስካለ አየ። አቀርቅራ ቁልፍ እየተከለች ነበር። «አይሆንም» አለ። አቶ ይልቃል ትከሻውን ሰብቆ ወጣ። የአስተናጋጆቹንም ልብስ ሌላ ሰው ሰፋው። ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። በሰፈሩም፣ «ያ ደስተኛ ወፍ ምን አስከፋው ይሆን?» ተባለ።

አንድ ወር ያህል አለፈ። አንድ ከሰዓት ነገዎ ክር ሊቀይር የስፌት መኪናውን ሲያቆም ቀጭን ድምፅ ሰማ። ወርቁ ነው፤ ብርቄን ተጠግቶ፣ መንገድ ላይ በማይደርስ ድምፅ፣ አጭር ዜማ ያዜምላታል። ነገዎ መኪናውን መልሶ አላስነሳም።

«አስካለ» አለ፣ «ያኔ ስትዘፍኚ ማንን ነበር የምትጠሪው?»

መርፌዋ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ታናሽ እህቴን» አለች። «የውብዳርን።»

ነገዎ ይህን ጊዜ «ነገ» አላለም። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጠቀለለው። «ወፎቹን ጉደታ ይጠብቅልናል» አለ። «ወደ አገርሽ የሚሄደው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

የታሪኩ ትምህርት ይህ ይመስለኛል፦ የጎደለውን የሚፈልግ ሰው አንዳንዴ ደስተኛ ይመስላል፣ አንዳንዴም ኩሩ ይመስላል። እኛ ድምፁን ወደድነው፣ ወይም ሳቅንበት፤ ከዚያ «ጠባዩ ነው» ብለን አለፍነው። «ጠባዩ ነው» ከማለታችን በፊት ግን አንድ ጊዜ ከጀርባው ቆመን እሱ ወደሚያየው ብናይ ጥሩ ነበር።

በእናንተ ቤት ከሁሉ አብልጦ የሚዘፍነው ማን ነው? ማንን እየጠራ እንደሆነ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?